የቦሌ ከፍታና የሲሊንደር ጉልበት፦ ሃይድሮሊክና ኒውማቲክ አንቀሳቃሾች በአዲስ አበባ አየር ውስጥ

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን ጅቡቲ ወደብ ላይ ግን 101 ኪሎፓስካል ነው። ከውጭ የምናስገባቸው ኮምፕሬሰሮች፣ ፓምፖችና ኤክስካቫተሮች በአብዛኛው የሚመጡት በዚያ ወደብ በኩል ነው፤ በመግለጫቸው ላይ የሰፈረው አቅምም ብዙ ጊዜ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። ታዲያ ማሽኑ ከከባቢ አየሩ ግፊት ሩብ ያህሉ ወደ ጎደለበት ቦታ ሲወጣ ምኑ ይደክማል? የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ሲሊንደሩ ራሱ አይደክምም፤ የሚደክመው እሱን የሚመግበው ክፍል ነው የሚል ነው። ድካሙ በግፊት መለኪያው ላይ ስለማይታይም ባለሙያው ብልሽቱን በሌለበት ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

በዘይት የሚሠራው የሃይድሮሊክና በአየር የሚሠራው የኒውማቲክ አንቀሳቃሽ መሠረታዊ ሕግ አንድ ነው፤ ግፊት በፒስተኑ ስፋት ሲባዛ ጉልበት ይሰጣል። የውስጥ ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር እንውሰድ። የፒስተኑ ስፋት 78.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በ200 ባር ዘይት ሲገፋ 157 ኪሎኒውተን ያወጣል፤ ይህም 16 ቶን ጭነት ይሸከማል ማለት ነው። ያው ሲሊንደር በ6 ባር አየር ሲገፋ 4.7 ኪሎኒውተን ብቻ፣ 480 ኪሎ ግራም የሚያህል ጭነት ይገፋል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከሁለቱ ባሕርይ ነው። ዘይት በ200 ባር ሲታመቅ ከመጠኑ የሚያጣው ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ቫልቩ ሲዘጋ የኤክስካቫተሩ ክንድ በቆመበት ይቆማል። አየር ግን ይታመቃል፣ መልሶም ይስፋፋል። በከፍተኛ ግፊት ማጠራቀሙ ታንኩ ቢፈነዳ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ስለሆነ፣ በተለመደው የፋብሪካ ሥራ ላይ ከ6 እስከ 8 ባር ይበቃዋል። በፍጥነቱ፣ በንጽሕናውና መመለሻ ቱቦ ባለመፈለጉ ግን ተመራጭ ይሆናል። እንደ ቦሌ ለሚ ባሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች በሚካሄደው የልብስ ስፌት ሥራ፣ የመስፊያውን እግር ማንሣትና ክር መቁረጥን ለመሰለ ቀላልና ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ የሚመቸው አየር ነው።

ግፊት ሲጨምር ሲሊንደር እንደሚያንስ ለማየት ከቦሌ ሰማይ በላይ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2012 (እ.ኤ.አ.) ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 የሃይድሮሊክ ሥርዓቱ በ5,000 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ345 ባር ገደማ ይሠራል። የቦይንግ 737 ግን 3,000 ፒኤስአይ ነው። ለእኩል ጉልበት የ787ቱ ፒስተን የሚያስፈልገው ስፋት በ40 በመቶ ያነሰ ነው።

ወደ ከፍታው ጉዳይ እንመለስ። መለኪያው የሚያነበው ከከባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። 6 ባር ጅቡቲም ሆነ አዲስ አበባ ገርጂ ላይ 6 ባር ነው። ከፒስተኑ በስተጀርባ የሚወጣውም አየር የሚገፋው በዚያው ቦታ ያለውን ከባቢ አየር ስለሆነ የሲሊንደሩ ጉልበት አይቀየርም። ለውጡ ያለው ኮምፕሬሰሩ ዘንድ ነው። በባሕር ወለል ላይ አየሩን 6.9 እጥፍ ማመቅ ሲበቃው አዲስ አበባ ላይ 8.9 እጥፍ ማመቅ አለበት። በደቂቃ የሚስበው የአየር መጠን ግን አይጨምርም። ስለዚህ በባሕር ወለል 100 ሊትር የታመቀ አየር ይሰጥ የነበረ ኮምፕሬሰር እዚህ 78 ሊትር ቢሰጥ ነው። ሙቀት ሳይወጣ በአንድ ደረጃ የሚካሄድ እመቃ ብለን ብናሰላ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚወጣው ኤሌክትሪክ በ13 በመቶ ገደማ፣ የሚወጣው አየር ሙቀት ደግሞ በ40 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው የሳሳ አየር ነው። ጠዋት ሞተር አስነሥቶ ፍሬኑ ንፋስ እስኪሞላ የሚጠብቅ የሲኖትራክ ሾፌር፣ ባዶ ታንክ ለመሙላት ከጅቡቲ ይልቅ አዲስ አበባ አያት ላይ ሲሶ ያህል የሚረዝም ጊዜ ይፈጅበታል።

ከአየሩ ጋር ውኃም ይገባል። አየሩ 20 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ሲኖረው፣ አንድ ሜትር ኩብ የታመቀ አየር ተመልሶ ሲቀዘቅዝ እዚህ 90 ግራም ያህል ውኃ ይጥላል፤ በባሕር ወለል የሚጥለው 66 ግራም ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ የሚሳበው አየር እዚህ ስለሚበዛ ውኃውም አብሮ ይበዛል። በክረምት ታንኩን በየቀኑ ማንጠፍጠፍ የተተወበት ጋራዥ ቫልቭና ሲሊንደሩን በዝገት ያጣል።

ደኅንነትን የሚነካው ነጥብ ግን ሌላ ነው። የቦሌን ሕንፃዎች የሸፈነው መስታወት በግንባታ ወቅት በመምጠጫ ጎማ ይነሣል። መምጠጫው የሚይዘው በውስጡ ባለው ባዶነት ሳይሆን ከውጭ በሚገፋው ከባቢ አየር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጉልበቱ ራሱ ይቀንሳል። ዲያሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ፣ ከውስጡ ከመቶ ሰማንያው እጅ አየር ቢወጣለት፣ በባሕር ወለል 260 ኪሎ ግራም ይይዛል፤ በአዲስ አበባ 195። ፋብሪካው የሰጠውን የመጫን ልክ እንዳለ መቀበል ከሠራተኞች ራስ በላይ ያለውን የጥንቃቄ ኅዳግ ሩቡን በልቶ መጀመር ነው። በእኔ እምነት ይህ ስሌት በየግንባታ ቦታው በጽሑፍ ሊለጠፍ ይገባል።

ዘይት ከዚህ ሁሉ ነፃ ይመስላል። በግፊት በኩል በእርግጥ ነፃ ነው፤ 200 ባር አጠገብ ሩብ ባር ምንም አይደለም። ችግሩ ዘይቱ ወደ ፓምፑ በሚገባበት በኩል ነው። ፓምፕ ዘይት «ይስባል» ብንልም ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው በታንኩ ላይ የሚጫነው ከባቢ አየር ነው። በስፋት የሚሠራባቸው አንዳንድ የአክሲያል ፒስተን ፓምፖች መግቢያቸው ላይ ከፍጹም ባዶ ተነሥቶ ቢያንስ 0.8 ባር ይጠይቃሉ። የቦሌ አየር ግፊት ደግሞ 76 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 0.76 ባር ነው። እንግዲህ ፓምፑ ከክፍት ታንክ በላይ ከተተከለ፣ ቱቦውና ማጣሪያው ገና ምንም ሳይቀንሱ፣ መስፈርቱ ከመነሻው ፈርሷል። ከዘይቱ ውስጥ የአየር አረፋ ይወጣል፣ አረፋው በከፍተኛው ግፊት ሲፈርስ ብረቱን ይቦረቡራል፣ ፓምፑም ጠጠር የሚፈጭ ያህል ይጮኻል። ይህ ካቪቴሽን የሚባለው ነው። ጩኸቱ የተሰማበት ፓምፕ ብዙ ጊዜ ይቀየራል፤ አዲሱም በዚያው ቦታ ላይ ተተክሎ ይጮኻል።

አውሮፕላን ሠሪዎች ይህን ችግር ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ በ737 ላይ የሃይድሮሊክ ታንኮቹ ከሞተር በሚወሰድ አየር ግፊት ይደረግባቸዋል። ብዙ ኤክስካቫተሮችም የተዘጋና መጠነኛ ግፊት የሚይዝ ታንክ አላቸው። በአገር ውስጥ ወርክሾፖች ለሚሠራ የብሎኬት ማምረቻ ወይም ፕሬስ መፍትሔው ከዚህም ይቀልላል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ዘይት 0.085 ባር ይጨምራል። ታንኩን ከፓምፑ በላይ ግማሽ ሜትር ማስቀመጥ 0.8 ባሩን ለጥቂት ያሟላል፤ አንድ ሜትር ማስቀመጥ፣ ወደ ፓምፑ የሚገባውን ቱቦ ማስፋትና የፓምፑን ፍጥነት መቀነስ ደግሞ ለማጣሪያው ብክነትም ቦታ ይተዋል። የግዥ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሐንዲስም ከአቅራቢው በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰላ የኮምፕሬሰር ምርት፣ የፓምፕ መግቢያ ግፊትና የመምጠጫ ጎማ ጉልበት መጠየቅ ይችላል። ቁጥሮቹን ለማስላት ለአምራቹ የሚፈጀው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።