መኪናዋ አዲስ አበባ፣ ሊብሬዋ ለንደን

ፈረንጅ አሮጌ መኪና ሲሸጥ አስተውላችኋል? ኤም.ጂ.ቢ. የምትባለውን ባለ ሁለት ወንበር የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ብርቅ አይደለችም ማለት ነው። ዛሬ አንዷ ታድሳ ለገበያ ስትቀርብ ግን ሻጩ ስለ ፍጥነቷ ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ወረቀቷ ነው። ከፋብሪካ መቼ ወጣች፣ የመጀመሪያ ቀለሟ ምን ነበር፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሯ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ይገጥማል ወይ፣ የትኛው ጋራዥ ምን ቀየረላት… ጌይደን የሚባል ቦታ ያለው የእንግሊዝ የሞተር ሙዚየም ይህንኑ ከድሮው መዝገብ እየገለበጠ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ወንበሩ ተሰፍቶ፣ ቀለሙ ታድሶ ሲያበቃ ገዢው የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ አይደለም። ለታሪኳም ይከፍላል።

የእኛ ደላላስ? «ንክች አላለችም፣ ዶክተር ነው የያዛት» ብሎ ይገላግላችኋል። እናንተም ስቱኮ ይኖር እንደሆነ በሩን በጣታችሁ አንኳኩታችሁ፣ ሊብሬዋን ገለጥ አድርጋችሁ ትፈራረማላችሁ። ማን ነዳት? ማንን አሳፈረች? ማን ይጠይቃል!

የምኒልክ እንግሊዛዊት

ይህን ያነሳነው ያለ ነገር አይደለም። የአገራችን የመኪና ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከእንግሊዝ መኪና ነው። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ገባ። (ስሙ ቢመሳሰልም ከቤንትሊ ፋብሪካ መሥራች ጋር እንዳታምታቱት፤ ያ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።) ያኔ ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ የለም። መኪናዋ አንዳንዴ በሞተሯ፣ አንዳንዴ በሰው ጉልበት በረሃውንና ዳገቱን አልፋ ዐፄ ምኒልክ ደጅ ደረሰች። ንጉሡም ተሳፈሩባት። ብዙም ሳይቆይ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የምትባል የአገሩን መኪና ይዞ ተከተለ።

ዎልስሊ ማን ነው? መነሻው የበግ ፀጉር መሸለቻ ማሽን የሚሠራ ኩባንያ ነው! እዚያ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ኦስቲን ነው ወደ መኪና ያዞረው። ኦስቲን በኋላ ወጥቶ በራሱ ስም ፋብሪካ ከፈተ፤ የስፖርት መኪና ወዳጆች «ኦስቲን ሂሊ» ሲሉ የሚጠሩት የእሱን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣችው ትንሿ ኤም.ጂ. ሚጄት ደግሞ ሞተሯ የተነደፈው ዎልስሊ ቤት ነበር። እንግዲህ ዛሬ እንግሊዝ አገር ታድሳ የምትሸጠው ስፖርት መኪናና የምኒልክ መኪና ሩቅም ቢሆን ዘመዳማቾች ናቸው።

ልዩነታቸው ወረቀቱ ላይ ነው። የምኒልክን መኪና ጉዞ በዝርዝር ማወቅ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ክሊፎርድ ሃሌ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን የታተመውን «ወደ ምኒልክ በሞተር መኪና» የተባለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መኪናዋን የገፉት፣ የጎተቱት፣ መንገድ ያሳዩት ያገር ሰዎች ታሪክ ሳይቀር የሚነገረን በእንግዳው አንደበት ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የገባው የአርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን መንገድ መዳመጫ እንኳ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝቡ አፍ ቀርቶልናል። ዎልስሊ ሲድሊን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን?

የገነተ ማርያም ሊብሬ

ታሪክን በወረቀት ማሰር የፈረንጅ ብልሃት ነው እንዳትሉ። ላስታ እንውጣ። (በስፖርት መኪና አይሆንም፣ ሆዷ መሬት ይልሳል። የእንግሊዝ መኪና የግድ ካስፈለገ ላንድሮቨር ይሻላል።) ከላሊበላ ወጣ ብሎ ገነተ ማርያም አለ። ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ፣ ዙሪያውን ዐምድ የተሰለፈበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ በሥዕል የተሞላ ነው። ከሥዕሎቹ መካከል እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት የዐፄ ይኩኖ አምላክ ምስል አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው መሆናቸውን የሚናገር የግዕዝ ጽሑፍም አብሮ አለ።

ይሄ ጽሑፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ወደ ላሊበላ ዞር ማለት ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እያንዳንዳቸው መቼ እንደተፈለፈሉ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ገነተ ማርያም ላይ ግን ክርክሩ አጭር ነው፤ ግድግዳው ራሱ ይመሰክራል። ሊብሬው ዐለቱ ላይ ተጽፏል። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የቆየ «ማን ሠራው?» ለሚል ጠያቂ የተዘጋጀ መልስ! የዛሬዎቹ እኛ ምን ነካን?

የቀሩት እነዚህ ናቸው

ነገሩ አሁን ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አየሩን እናስብ፣ የውጭ ምንዛሪውን እናስብ፣ ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆየን። ለታሪክ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከእንግሊዝ ታድሳ የምትመጣልን ክላሲክ የለችም። በየግቢው ሸራ ለብሰው የቆሙት፣ ጎማቸው የተነፈሰው፣ ዶሮ የሚያድርባቸው ናቸው የቀሩን።

እነሱም ዝም ብለው ብረት አይደሉም። መሪዋ በቀኝ የሆነች አሮጌ መኪና ካያችሁ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ እንደ እንግሊዝ በግራ በኩል እንነዳ እንደነበር ታስታውሳችኋለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ተራ ቮልስ ናት። አንድ ዘመን የተዘጋው በቮልስ በር ነው ብንል አላጋነንም።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ አትሽጡ አንልም፤ ኑሮ ነው። ለቆራሌው ወይም ለደላላው ከመደወላችሁ በፊት ግን ኮፈኗን ክፈቱ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሯን ጻፉ፣ ፎቶ አንሷት። ከዚያ አያታችሁን አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከማን ገዟት? በስንት? የት የት ሄዱባት? ማንን ዳሩባት? ማንን ቀበሩባት? ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለገዢው ስጡ፣ አንዱን ለልጆቻችሁ አስቀሩ። ገዢው ምናልባት አንድ ብር አይጨምርላችሁ ይሆናል። የልጅ ልጆቻችሁ ግን የአያታቸውን መኪና ታሪክ ፍለጋ ለንደን አይሄዱም።

ቸር ያሰንብተን!