አጥር የለውም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምሠራበት ባንክ ለብድር መያዣ የቀረበ የአንድ ቤት የግምት ሰነድ እጄ ገባ። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ግቢው ዙሪያውን በወይራ ችካልና በክትክታ ቅርንጫፍ ተጎንጉኖ ታጥሯል። ሰነዱ ላይ ግን «አጥር፦ የለውም» ተብሎ ተጽፏል። ገማቹን አልወቀስሁም፤ ቅጹ የሚያውቀው ግንብና ቆርቆሮን ብቻ ነው።

ታሪካችንንም የምንጽፈው በዚያው ቅጽ ሳይሆን አይቀርም። ጎንደር ስትነሣ የምንቆጥረው ድንጋይ ነው፤ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ከተማ፣ 900 ሜትር ያህል የሚረዝመው የፋሲል ግቢ ቅጥር፣ አሥራ ሁለቱ በሮች። ከቅጥሩ ውጭ የኖረው የአብዛኛው ሕዝብ ቤት ግን ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ አጥሩም ቅርንጫፍ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም.፣ ደርቡሾችም በ1880 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያቃጥሉ ያ አጥር እሳቱን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሳያሻግር የቀረ አይመስለኝም። ከቃጠሎው በኋላ የተመለሰው ሰው አስቀድሞ የሠራውም አጥሩን ይሆናል እላለሁ፤ ጅብ ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ አይጠብቅምና!

አባቴ ያደጉት ከዳባት ወዲያ ባለው ደጋ ነው። አጥር ሲያጥሩ ችካሉን ከወይራ ወይም ከጽድ ይቆርጣሉ፤ ምስጥ በቀላሉ አይደፍራቸውም። ችካሉን ክንድ ያህል እያራራቁ ይተክላሉ። ከዚያ ለጋውን ቅርንጫፍ በአንዱ ችካል ፊት፣ በሚቀጥለው ኋላ እያሳለፉ ይጎነጉናሉ፤ ከላዩ የሚመጣው ረድፍ ደግሞ ተቃራኒውን ይይዛል። ራስጌው በልጥ ይታሰራል፤ ልጥ እርጥብ ሳለ ካልታሰረ ይሰበራል። በመጨረሻ የአጋም ወይም የቀጋ እሾህ ይደፋበታል። በጎረቤት በኩል ግን አባቴ ሁልጊዜ አንዲት ቀዳዳ ይተዉ ነበር፤ ፍም የሚጫርባት፣ «ቡና ደርሷል!» የሚባልባት ቀዳዳ።

ዐጠረ የሚለው ግሥ ከግእዙ ሐጸረ፣ ቅጥርም ከቀጸረ የወረዱ ናቸው። ደጅ ጥናትም ሆነ ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ፣ አጥር ባይኖር ከየት ይመጡ ነበር? ቋንቋው የመዘገበውን ሰነዱ ዘለለው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ውሎ አድሮ ጎንደርም ደረሰ። ፈጥኖ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የልጡን ቦታ ሚስማር ወሰደ፤ ቆርቆሮም ተከተለ። በዚህ ብቻ ማልቀስ አይገባም፤ የተጎነጎነው አጥር በየጥቂት ዓመቱ ሲታደስ ከደኑ እየወሰደ ነበር። ዛሬ ትልልቅ ወይራና ጽድ ለማየት ብዙ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር መሄድ ግድ ነው።

የአባቴም ግቢ ባለፈው ዓመት በቆርቆሮ ታጠረ። ጎረቤታችን አሮጊት ቡና ሲያፈሉ አሁን ቆርቆሮውን በጠጠር ይመቱታል። አባቴ ጆሯቸው ስለደከመ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይመቱ አይሰሟቸውም።