አንድ ስም፣ ሁለት መንገድ፦ የኮሪያና የጃፓን ሥዕላዊ ትረካ ታሪክ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በአዲስ አበባ ይሠሩ ከነበሩት ሥዕሎች መካከል የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከው ሸራ ከሁሉ ይበልጥ ይታወቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሠዓሊው ሸራውን በመስመር እየከፋፈለ፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ረድፍ ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ እያደረገ፣ 44 ሥዕሎች ያሰፍርበታል። ትረካው ከዘንዶው ከአርዌ መገደል ይነሣል፤ ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ጥበብ ሲያወራ፣ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ቅመም የበዛበት ግብር በልታ በሌሊት ውሃ ሲጠማት፣ ቀዳማዊ ምኒልክ ተወልዶ ሲያድግና አባቱን ሊያይ ሲወርድ፣ በመጨረሻም ታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ ስትገባ ያሳያል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አጭር የአማርኛ መግለጫ አለ። የተመልካቹ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየሄደ ታሪኩን ይከተላል። በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚነሣው ቀደምት ሠዓሊዎች አንዱ በላቸው ይመር ናቸው።

ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር አጣምሮ በረድፍ መተረክ እንግዲህ ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። በገዳማት በሚገኙት የተአምረ ማርያም የብራና መጻሕፍትም አንዱን ተአምር በተከታታይ ሥዕሎች መግለጥ የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የንግሥተ ሳባን ሸራ የሚገዛው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው፣ ዲፕሎማት ወይም መንገደኛ ነበር። ሸራው ታሽጎ ባሕር ይሻገራል፤ በሰው አገር ግድግዳ ወይም በቤተ መዘክር ይሰቀላል። ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የአገሬው ሰው ግን ገዢው ስላልነበረ፣ ሠዓሊውም ያንኑ ታሪክ ደግሞ ደጋግሞ መሣል እንጂ ቀጣዩን ክፍል የሚጠይቀው አንባቢ አልነበረውም።

በሩቅ ምሥራቅ የሆነው ሌላ ነው። የጃፓኑ ማንጋና የኮሪያው ማንሁዋ ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው ከሚነበቡት ሥዕላዊ ትረካዎች ውስጥ ናቸው። ብዙ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። የሚለያያቸውን ለማወቅ የሚሻ ሰውም ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው የገጸ ባሕርያቱን ዐይንና አፍንጫ፣ የፀጉራቸውንም አቀራረጽ ነው። ይህ ዓይነቱ መመዘኛ ብዙ አያራምድም። ልዩነቱ የሚገኘው ሥራው በማን ፈቃድ ይታተም፣ በምን መንገድ ወደ አንባቢው ይደርስ እንደነበር በሚናገረው ታሪክ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ አንድ ነው። ማንጋም ማንሁዋም፣ የቻይናዎቹ ማንኋም ጭምር፣ በቻይና ፊደል የሚጻፉት በአንድ ዓይነት ሁለት ምልክቶች ነው፤ ፍቺውም ያለ ጥብቅ ዕቅድ፣ ብዕር እንዳመራ የተሣለ ሥዕል እንደ ማለት ነው። በጃፓን ቃሉን ያስታወቀው ሠዓሊው ሆኩሳይ ሲሆን፣ የንድፍ ሥዕሎቹ መድበል የመጀመሪያ ቅጽ በ1814 ታትሟል። በዘመናዊ ትርጉሙ እንዲለመድ ያደረገው ደግሞ ኪታዛዋ ራኩተን ነው፤ እርሱም በ1905 ቶክዮ ፓክ የተሰኘውን የሥላቅ መጽሔት አቋቁሟል። ኮሪያ ቃሉን በዚህ ትርጉሙ የተቀበለችው በጃፓን በኩል ነው፤ የተቀበለችውም በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር ሆና ነው።

የኮሪያ ታሪክ ጸሐፊዎች የአገራቸውን ዘመናዊ የካርቱን ጥበብ መነሻ የሚያደርጉት ሰኔ 2 ቀን 1909 የወጣውን ዴሃን ሚንቦ የተባለ ጋዜጣ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዪ ዶ ዮንግ የሣለው ሥዕል ነበረበት። ጋዜጣው ጃፓንንና ከጃፓን ጋር ያበሩትን ሹማምንት ሲነቅፍ ቆይቶ፣ በነሐሴ 1910 አገሪቱ በጃፓን ግዛት ሥር ስትጠቃለል አብሮ ተዘጋ። ልብ ሊባል የሚገባው የጥበቡ ጅማሬ ዕድሜ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር መሆኑ ነው። በዚያው ጊዜ በቶክዮ የራኩተን መጽሔት በቀለም እየታተመ በገበያ ላይ ይሸጥ ነበር።

ከ1919ኙ የነፃነት ንቅናቄ በኋላ የጃፓን አስተዳደር ጥቂት የኮሪያ ቋንቋ ጋዜጦች እንዲወጡ ፈቀደ። ከነዚህ አንዱ በሆነው በቾሱን ኢልቦ ላይ፣ ኖ ሱ ህዮን የሣለው ሞንግቶንግጉሪ የሚባል ባለ አራት ሥዕል ቀልድ በ1924 መውጣት ጀመረ። ስሙ ሞኝ ወይም ቂል ማለት ነው። ስለ አገር ነፃነት በግልጽ መናገር ባልተቻለበት ጊዜ በሴት ፍቅር ስለሚንከራተት ቂል መሳቅ ይቻል ነበር። ሕዝቡም ወደደው፤ በ1926 ወደ ፊልም ተለወጠ።

ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ኮሪያ ነፃ ወጣች። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1946፣ ኪም ዮንግ ሁዋን ጥንቸልና ጦጣ የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተመ። የዋሃን ጥንቸሎች ጦጦች መጥተው ሲገዟቸውና ሲያስጨንቋቸው ያሳያል፤ ጦጣው ማን እንደሆነ ለየትኛውም ኮሪያዊ ሕፃን መንገር አላስፈለገም። ይህ መጽሐፍ በ2013 በአገሪቱ መንግሥት የባህል ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በጃፓን በኩል ደግሞ በ1947 ገና በሃያ ዓመት ዕድሜው አካባቢ የነበረው ቴዙካ ኦሳሙ አዲስ የሀብት ደሴት በሚል ርእስ የሣለው መጽሐፍ በብዙ መቶ ሺሕ ቅጂ ተሸጠ። ሁለቱም አገሮች በዚያን ጊዜ ድሆች ነበሩ፤ ወረቀቱም ርካሽና ሻካራ ነበር።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ፤ የለያቸውም ጦርነት ነው። ሰኔ 1950 የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ ኪም ሶንግ ሁዋን የሚባል ወጣት በጠላት እጅ በወደቀችው በሴኡል ተሸሽጎ ሳለ አንድ ሽማግሌ ሣለ። ሽማግሌው ራሰ በራ ነው፤ በራሱ ላይ አንዲት ፀጉር ብቻ ቀርታለታለች፤ ስሙም ጎባው ነው። በግንቦት 1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ የደረሰባት የቡሳን ወደብ በስደተኞች ተጨናንቃ ነበር፤ በዚያችው ከተማ በመጥፎ ወረቀት የታተሙ ትናንሽ የሥዕል መጻሕፍት በየመንገዱ ይቸበቸቡ ነበር። ለቁራሽ የሚበቃ ገንዘብ ያጣ ሕዝብ ለሥዕል መጽሐፍ ሳንቲም ማግኘቱ ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ፈርሶ፣ ሲኒማው ተቃጥሎ ለሕፃናት የቀረው መዝናኛ ይኸው ብቻ ነበር። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፤ መታሰቢያቸው በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በቹንቾን ተመርቋል።

ጎባው ከጦርነቱ በኋላ በየዕለቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ1958 ሠዓሊውን ከፍርድ ቤት ያቆመው ሥዕል በአራት ሣጥን ብቻ የተነገረ ነው። በፕሬዚዳንቱ መኖሪያ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርገው ሰው ሲያልፍ የሙያ ጓደኞቹ እንደ ታላቅ ሹም እጅ ይነሡታል። የፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ወገኖች ቀልዱ አልጣማቸውም፤ ሠዓሊው ገንዘብ ተቀጣ። ሪ በ1960 በተማሪዎች ዐመፅ ከሥልጣን ወረዱ፤ ጎባው ግን እስከ 2000 ዓመት ድረስ ቀጠለ፤ ቁጥሩም 14,139 ደረሰ።

በጃፓን የማንጋን መልክ የወሰነው ሳምንታዊው መጽሔት ነው። በርግጥ በ1950ዎቹ በዚያም አገር መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ብዙ ነበሩ፤ ለጎልማሶች የሚሆነው ጨለም ያለ ትረካ የበቀለው ከነርሱ ውስጥ ነው። መጋቢት 1959 ሁለት ሳምንታዊ የወንድ ልጆች መጽሔቶች በአንድ ቀን ሲወጡ ግን የኪራይ ሱቁ ዘመን ማክተም ጀመረ። በ1968 የተቋቋመው ሾነን ጃምፕ ከእያንዳንዱ እትም ጋር የአንባቢ ካርድ አያይዞ የትኛውን ትረካ እንደወደዱ ይጠይቅ ነበር። ያልተወደደው ይቋረጣል፤ የተወደደው ለዓመታት ይቀጥላል። ሠዓሊው ረዳቶች ቀጥሮ በየሳምንቱ ሃያ ገጽ ያህል በጥቁርና ነጭ ያስረክባል። ይኸው መጽሔት በ1995 መባቻ በአንድ እትም 6.53 ሚሊዮን ቅጂ አሳተመ። በጃፓን ማንጋ ውስጥ የሚታየው የገጽ አቀናበር፣ ይኸውም በግራ ገጽ መጨረሻ የሚያስጨንቅ ነገር ጥሎ አንባቢውን ቶሎ ወደሚቀጥለው የሚያስገለብጠው ብልሃት፣ ከዚህ ውድድር የተወለደ ነው።

ኮሪያ እንዲህ ያለ ገበያ አልነበራትም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ አንባቢው የሚሄደው ማንሁዋባንግ ወደሚባለው የማንበቢያ ቤት ነበር። በጠባብ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ያነባል፤ መጽሐፉን መልሶ ይወጣል። በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነበበ ሰው ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ቴሌቪዥን ብርቅ በነበረበት ጊዜ ደግሞ የተወሰነ ቁጥር ያለው መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ማታ የትግል ውድድር የሚያይበት ቲኬት ይሰጠው ነበር። መጽሐፉ የሚታተመው ለሱቆቹ በሚበቃ ቁጥር ብቻ ስለነበረ ለሠዓሊው የሚደርሰው ገቢ ትንሽ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ስርጭቱ በአንድ ድርጅት እጅ ወደቀ፤ ይህም ዋጋውንም ይዘቱንም አንድ ወገን እንዲወስን አደረገ።

ከገበያው ይልቅ የከበደው ምርመራው ነው። በ1961 ጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ማንሁዋ ከመታተሙ በፊት እንዲታይ ተደረገ፤ በ1968 የሕፃናት ማንሁዋን ሥነ ምግባር የሚቆጣጠር ኮሚቴ ቆመ። መርማሪው ቃል ያርማል፤ ሥዕል ያስነሣል፤ ጠብና ፍቅር ይቀንሳል። በ1972 አንድ ሕፃን ሲሞት ጥፋቱ ባነበበው መጽሐፍ ተላከከና በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ። በጃፓን አዋቂዎችን የሚመለከት ትረካ በሚበስልበት በዚያው ጊዜ የኮሪያው ባልንጀራ በሕግ ሕፃን ሆኖ እንዲቀር ተፈረደበት ማለት ይቻላል።

የጃፓን ባህላዊ ሥራ በኮሪያ ክልክል ነበር፤ ነገር ግን ክልከላው ጃፓንን አላስቀረም። አሳታሚዎች የጃፓን መጽሐፍ እየገለበጡ፣ የሰውና የቦታ ስም እየለወጡ፣ የኮሪያ ሠዓሊ ስም ጽፈው ያወጡ ነበር። እዚህ ላይ የገጹ አቅጣጫ ጉዳይ ይመጣል። ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች እየተጻፈ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ማንጋም ከቀኝ ይጀምራል። ኮሪያኛም ድሮ እንዲሁ ይጻፍ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ግን የኮሪያው ፊደል ሃንጉል ከግራ ወደ ቀኝ በአግድም መጻፉ ስለጸና ማንሁዋም ከግራ ይነበባል። ስለዚህ ገልባጮቹ ሥዕሉን እንደ መስተዋት ማዞር ነበረባቸው፤ በቀኙ ይመዘዝ የነበረው ሰይፍ በግራ እጅ ገባ። የአማርኛ አንባቢ ለማንሁዋ ዓይኑን ማልመድ አያስፈልገውም። ወላይትኛም ቀድሞ በግዕዝ ፊደል ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ ፊደሉ ቢለወጥም አቅጣጫው አልተለወጠምና በሶዶ ወይም በተበላ የተማረ ልጅ የኮሪያን ገጽ ከተፈጥሮ ልማዱ ሳይወጣ ይከተለዋል፤ ለጃፓኑ ግን መጽሐፉን ከጀርባው መክፈት አለበት።

በ1980ዎቹ ቁጥጥሩ ጥቂት ሲላላ ጥበቡ ወዲያው ተነሣ። በ1983 ሊ ህዮን ሴ ከየቡድኑ ስለተጣሉ የቤዝቦል ተጫዋቾች የተረከበት ሥራ የማንበቢያ ቤቶቹን በጎልማሶች ሞላ። ይኸው ሠዓሊ በ1997 በጀመረው ስለ ሰው ልጅ ጥንታዊ ዘመን በሚተርክ ሥራ ምክንያት ተከሶ፣ በነፃ የተሰናበተው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው። የጃፓን ሥራዎችም ከ1989 ጀምሮ በፈቃድ መታተም ጀመሩ፤ ክልከላው በይፋ መነሣት የጀመረው በ1998 ነው። በመካከሉ በ1997 መጨረሻ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ደረሰ፤ መጽሔቶች ተዘጉ፤ ሥራ ያጡ ሰዎች የኪራይ ሱቅ ስለከፈቱ መጽሐፍ የሚገዛው ይበልጥ ቀነሰ።

ጃፓን ጠንካራ የወረቀት ገበያ ስለነበራት ከወረቀት ለመውጣት አልቸኮለችም። ኮሪያ ግን የምታጣው ገበያ አልነበራትም። በ2003 ካንግ ፉል የተባለ ወጣት ዳውም በተባለው የኢንተርኔት ድርጅት ገጽ ላይ አንድ የፍቅር ታሪክ በተከታታይ አወጣ፤ ኔይቨር የተባለው ተወዳዳሪ በ2004 ተከተለ። ዌብቱን የተባለው ይህ ዓይነት ትረካ ገጽ የለውም፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ እንደ ጥቅልል ይወርዳል፤ ባለ ቀለም ነው። በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሲረዝም ጊዜ ይረዝማል፣ ሲያጥር ልብ ይመታል። አንባቢው የሚገለብጠው ስለሌለው የጃፓኑ የገጽ ብልሃት እዚህ አያገለግልም። የተንቀሳቃሽ ስልክ ጠባብ መስተዋት ሲመጣ ዌብቱን አስቀድሞ ተሰናድቶ ጠበቀው። ዩን ቴ ሆ በ2012 የጀመረው ሚሴንግ፣ ቋሚ ሥራ ያላገኘ የቢሮ ወጣትን ኑሮ የሚያሳየው፣ በሕፃናት ኮሚቴ ዘመን ሊታሰብ የማይችል ርእስ ነበር።

በ2016 ካካኦ የተባለው የኮሪያ ድርጅት በጃፓን ፒኮማ የተሰኘ የንባብ አገልግሎት ከፈተ፤ ዛሬ በአገሩ ካሉት ታላላቆቹ አንዱ ነው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ሶሎ ሌቨሊንግ የተባለው የኮሪያ ዌብቱን በጃፓን ስቱዲዮ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተለውጦ ታየ።

በኢትዮጵያ ኢታን ኮሚክስ በ2018 ጀምበር የተባለውን የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ከጋዜጣ ዓምድ ወይም ከኪራይ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ከመጽሐፍ መጀመሩ ከኮሪያውም ከጃፓኑም ይለየዋል። ከንግሥተ ሳባ ሸራ የሚለየው ደግሞ አንባቢው ፍጻሜውን አስቀድሞ አለማወቁ ነው።