የላሊበላ ጣሪያና የክረምቱ ውሃ

ሌላ ሕንፃ ከመሠረት ተነሥቶ በጣሪያ ይፈጸማል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግን፣ ይልቁንም ከተራራው ፈጽሞ የተለዩቱ፣ ከጣሪያ ተጀምረው ወደ ታች የወረዱ ናቸው። ይህ የአሠራር ብልሃት የዓለምን አድናቆት አትርፎላቸዋል፤ የጥበቃቸውን ችግር የፈጠረውም ይኸው ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ጋር አንድ አለት እንደ መሆኑ መጠን፣ አረጀ ተብሎ ተነቅሎ በሌላ አይተካም።

አለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ለመጥረብ የማያስቸግር፣ ስለዚህም ውሃ የሚመጥ ዐይነት ነው። ጠራቢዎቹ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተቆፈረው ጥልቅ ቦይ ሕንፃውን ከተራራው ከመለየቱ በቀር ዝናቡን ይዞ ወደ ውጭ ይሸኛል። ክረምቱ መውጫ ካገኘ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መውጫው በአፈርና በፍርስራሽ ሲደፈን ግን ውሃው ከግርጌ ወደ ግድግዳው ይሳባል፤ ከላይ ደግሞ በጣሪያው ስንጥቅ እየሰረገ ሥዕሉንና ቅርጹን ያበላሻል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አብያተ ክርስቲያናቱን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሠጋው ስለ ስንጥቅ አልነበረም፤ የጻፈውን አንባቢ አያምነውም ብሎ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተደረገው ጥገና የመጣው በቅን ልቡና ነው። ውሃ እንዳይገባ ተብሎ አለቱ ሬንጅ ተቀባ፤ ቀይ ቀለምም ለበሰ። ይሁን እንጂ ውሃ የሚመጥ ድንጋይ መተንፈስም አለበት። ላዩ ሲታፈን በሌላ በኩል የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ከቅቡ ሥር ያለው ድንጋይም ይፈረፈራል። ኢትዮጵያ የጥንታዊ ቅርሶችን አዋጅ ቁጥር 229 ባወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረው፣ በኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ሥራ ከዋና ተግባሮቹ አንዱ ይህን ልባስ መላጥ ነበር። ቦዮቹም ከተከማቸባቸው አፈር ተጠረጉ። ከሥራው ሁሉ ምናልባት ብዙ ያልተወራለት፣ የበለጠ የጠቀመውም ይኸው ጠረጋ ሳይሆን አይቀርም።

ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ስንጥቁ ግን ከመዝገብ በመግባቱ አልተደፈነም። መጀመሪያ በአንዳንዶቹ ላይ ጊዜያዊ ዳስ ተጣለ። ቀጥሎም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት፣ በብረት ምሰሶ የቆሙት ትልልቅ መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠናቀቁ። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ከተጠለሉት ውስጥ ናቸው። መጠለያው ዝናቡን ከለከለ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ለዘመናት በየክረምቱ ሲርስ በየበጋው ሲደርቅ የኖረ አለት በድንገት ከዝናብ ሲለይ ከመጠን በላይ ደርቆ ይሰነጠቃል የሚል ሥጋት ተነሣ። የምሰሶዎቹም ክብደት ሌላ ጭንቀት ሆነ፤ ነፋስ ሲነሣ ያ ሁሉ ብረት በአለቱ ላይ ቢወድቅስ?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው የያዙት በየዕለቱ ከሥሩ የሚቀድሱት ካህናትና በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማው ነዋሪ መጠለያው ይነሣልን ብሎ በሰልፍ ወጣ። ለባለሙያው ሥፍራው ሐውልት ነው፤ ለእነርሱ ግን ልደትና ጥምቀት የሚከበርበት፣ ሙታን የሚፈቱበት ቤት ነው። በዚህ ነገር ሕዝቡን ዘግይቶ ማማከር በቅርስ አስተዳደር ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ሆኖም መጠለያው ዛሬ ተነሥቶ ነገ ክረምት ቢገባ፣ ያልተደፈነው ስንጥቅ እንደገና ውሃ ይጠጣል። ቅደም ተከተሉ አስቸጋሪ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ አስቀድሞ የጣሪያው ስንጥቅ ከአለቱ ጋር በሚስማማ፣ እርጥበት በሚያስተነፍስ ልስን መጠገን፣ የውሃው መውረጃ መስተካከል፣ የአካባቢው ልጆችም በዚህ ሙያ መሠልጠን አለባቸው። ብረቱ መነቀል የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ግን አንድም መጠለያ ሳይሠራለት፣ መስቀል በመስቀል ላይ በተቀረጸበት ጣሪያው የክረምቱን ዝናብ ዛሬም እየተቀበለ ወደ ቦዩ ያወርዳል።