ጠገራ ብር በወናፍ ፊት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም አንጥረኛ ድሪ፣ አልቦ ወይም የአንገት መስቀል ሥራ ሲባል ብር ፍለጋ ወደ ማዕድን አይወርድም፤ ደንበኛው ጠገራውን ይዞለት ይመጣል። ማርያ ትሬዛ የምትባለው ጠገራ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከሺህ 833 እጇ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ከአባይ ማዶ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በሚገናኙበት በባሶ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን ስትመነዘር ኖራለች።

ያ ስድስተኛ እጅ መዳብ ቀላል ነገር አይደለም። ንጹህ ብር 962 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ባንድ ጊዜ ይረጋል። የጠገራው ቅልጥ ግን 840 ገደማ ላይ መርጋት ጀምሮ እስከ 779 ድረስ ጠጣርና ፈሳሹ እንደተቀላቀለ ይቆያል። ቀድሞ የሚረጋው ብር የሚበዛበት ነው፤ መዳቡን ወደ ፊቱ ይገፋዋል። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ያለው ፈሳሽ ለመርጋት ከበፊቱ የባሰ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ከጠጣሩ ጠርዝ አንዲት ጉብታ ወጣ ካለች ግን መዳብ ያልበዛበት ፈሳሽ ታገኝና ከጎረቤቶቿ ፈጥና ታድጋለች። ጎኖቿም እንዲሁ ያቆጠቁጣሉ። የብር አተሞች አደራደር ኪዩብ በመሆኑ ቅርንጫፎቹ በ90 ዲግሪ ይወጣሉ፤ እነሱም በተራቸው ሌላ ያበቅላሉ። ዴንድራይት የሚባለው ይህ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጥድ ቅርንጫፍ ይመስላል። በመካከሉ የቀረው መዳብ የበዛበት ፈሳሽ 779 ላይ በመጨረሻ ይረጋል።

ጠገራው በሚሠራበት በቪየና ብሩ በመዳመጫ ተዳምጦ በማኅተም ሲመታ የመጀመሪያው ዛፍ እዚያው ይደቃል። የጎጃሙ አንጥረኛ ባቀለጠው ቁጥር ደግሞ እንደገና ይበቅላል። ከዚያ መዶሻው ይወርድበታል፤ ሲደነድን ያግሉታል፣ ሲለሰልስ ይቀጠቅጡታል። በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ ያለው አልቦ የዚያ ድካም ውጤት ነው።

የዛፉ መጠን በጊዜ ይወሰናል። የመርጊያው ጊዜ ስምንት እጥፍ ሲረዝም በቅርንጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1867 በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ የተቀለጠው 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ዛፉ መወፈሩ አይቀርም። ስስ የአንገት መስቀል ግን ወዲያው ይረጋል።

አውሮፓም ነገሩን ቶሎ አልጨበጠችውም። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ቼርኖቭ ስለ አረብ ብረት አረጋግ ጥናቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው፤ በስሙ የሚጠራው ዴንድራይት 39 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ተመራማሪው ኢቫንትሶቭ የዛፉ ጫፍ የፓራቦላ ቅርጽ ይዞ እንደሚጓዝ በ1947 በስሌት አሳየ። ሙሊንስና ሴከርካ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ጠፍጣፋው ጠርዝ መቼ እንደሚፈርስ በ1963 እና 1964 አስረዱ። በ1994 የተመራማሪው ግሊክስማን የዴንድራይት ሙከራ በኮሎምቢያ መንኩራኩር ሕዋ ላይ ወጣ፤ በምድር ስበት የሚናወጠው ፈሳሽ መለኪያውን ያዛባ ነበርና።

ብረት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የቀድሞ ብረት አቅላጮች ምድጃ 1200 ዲግሪ ገደማ ቢደርስም ንጹህ ብረት ለመቅለጥ 1538 ይሻል። ብረቱ ሳይፈስስ በጠጣርነቱ ከማዕድኑ ይለያል፤ ስለዚህ ዴንድራይት አይበቅልበትም። የሚቀልጠው የብረቱ አር ነው። የብረት ኦክሳይድ ዛፍ የሚበቅለውም እዚያው ውስጥ ነው፤ ሠሪው ማረሻውን ወስዶ አሩን ይጥለዋል።

ሠሪው ራሱም እንደ አሩ ተጥሎ ነበር ቢባል አልተጋነነም። ማረሻው እየተፈለገ እሱን ቡዳ ይሉት ነበር፤ በብዙ ቦታም ርስት ይነፈግ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖሯል።

ዛሬ የጥንት ቅሪት አጥኚዎች ለብረት ታሪክ ከማረሻው ይልቅ አሩን ይፈልጋሉ። ማረሻው ተቀጥቅጦና ተስሎ አልቋል። አሩን ቆርጠው፣ አለስልሰውና በማይክሮስኮፕ አይተው የዛፎቹን ቅጥነትና ውፍረት ይመረምራሉ። ደቃቅ ከሆኑ አሩ ከምድጃው ወጥቶ በፍጥነት ቀዝቅዟል፣ ወፍራም ከሆኑ ደግሞ እውስጡ ቆይቷል ይላሉ።