ካሴት፣ ቻናል፣ ቤተልሔም

ዘመናችን ሰውን የሚመዝንበት አዲስ ጥያቄ አለው፤ «ስንት ተከታይ አለው?» የሚል። ቀድሞ «የማን ልጅ ነው? የት ተማረ? ከማን ተማረ?» ይባል ነበር። ዛሬ ዘፋኙም፣ ሰባኪውም፣ ቀልደኛውም፣ ወጥ አሠራር የምታሳየውም በዩቲዩብ ቻናላቸው ሥር በሰፈረው ቁጥር ይመዘናሉ። እኔም ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥርን አልንቅም። ነገር ግን ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ ባሰብሁ ቁጥር ከዩቲዩብ እጅግ የቆየ ሌላ የተከታይ ታሪክ ይመጣብኛል። እነሆ ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው።

ዩቲዩብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የመጀመሪያው ቪዲዮ ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ከሪም በአንድ የአራዊት ማቆያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ርዝመት የሚናገርበት የ19 ሰከንድ ምስል ነው። በዓመቱ ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ወዲህ የብዙ ተከታይ ዙፋን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት የተቀመጠበት ፒውዲፓይ የተባለ ስዊድናዊ ወጣት ነበር፤ የኮምፒውተር ጨዋታ እየተጫወተ ይሥቃል፣ ይጮኻል። በ2019 ቲ-ሲሪዝ የተባለው የሕንድ ቻናል ቀደመው። በ2024 ደግሞ ሚስተርቢስት የተባለው አሜሪካዊ ከሕንዱ ወሰደ፤ የእርሱ ተከታዮች ከ400 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

ከሦስቱ እኔን የሚስበኝ መካከለኛው ነው። ቲ-ሲሪዝ በስልክ ዘመን የተወለደ አይደለም። በዴልሂ ከተማ የፍራፍሬ ጭማቂ ሻጭ ልጅ የነበረው ጉልሻን ኩማር እ.ኤ.አ. በ1983 ያቋቋመው የካሴት ድርጅት ነው። በዚያን ጊዜ የሕንድን የሙዚቃ ገበያ ኤች.ኤም.ቪ. የተባለው ትልቅ ኩባንያ ጨብጦት ነበር፤ ዋጋውም ለድኻ የሚቀመስ አልነበረም። ኩማር በርካሽ ካሴት ገባበት። የቅጂ መብት ሕጉን ቀዳዳ አይቶ የታወቁ ዘፈኖችን በሌሎች ድምፅ እያስዘፈነ ሸጠ። ትልልቆቹ ንቀው የተዉትን የየአውራጃውን ዘፈንና መንፈሳዊ መዝሙር ሰበሰበ። ካሴቱንም በሙዚቃ ቤት ብቻ ሳይወስን ሳሙናና ስኳር በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አስቀመጠ። ኩማር እ.ኤ.አ. በ1997 በሙምባይ በአንድ ቤተ መቅደስ ደጅ በጥይት ተገደለ። ድርጅቱ ግን ካሴት ሲሞት አብሮ አልሞተም፤ በዘመናት ያጠራቀመውን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ዩቲዩብ ገባ። ስለዚህ ስዊድናዊውን ያሸነፈው የካሴት መደርደሪያ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የእኛም አገር መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ የሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበረው ወጣቱ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ተዳፍሮ የራሱን ሸክላ ማውጣት ጀመረ። «ዓሊ ታንጎ» በሚለው ስሙ የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ። አብዮቱ መጣ፤ አምሐ እ.ኤ.አ. በ1975 ካገር ወጣ፤ ሸክላም ለካሴት ቦታ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የተላቀቀ ክር በእስክሪብቶ ማጠንጠን፣ የሚወዱትን ዘፈን ፍለጋ ወደፊትና ወደኋላ ማስኬድ፣ ከጓደኛ ተውሶ ማስቀዳት። ማስቀዳቱ አርቲስቱን እንዳራቆተው የታወቀው ዘግይቶ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ካሴቱ ራሱ ዕድሜው እያለቀ ነበር። ዛሬ እንደ ናሆም ሪከርድስ ያሉት አሳታሚዎች መደርደሪያቸው ዩቲዩብ ላይ ነው። ኢቢኤስ ቴሌቪዥን፣ የሰይፉ ፋንታሁን ዝግጅት፣ ሆፕ ሙዚቃ፣ የኮሜዲያን እሸቱ መለሰ ዶንኪ ቲዩብ እዚያው ብዙ ተመልካች ያላቸው ናቸው። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም ከአዲስ አበቤው እኩል ያያቸዋል።

ታዲያ ከነፋስ መውጫ፣ ከዓርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ የሚወጣው ድምፅ በዚህ ውስጥ የት ነው?

በመጀመሪያ ስለሚሰማው ድምፅ ልናገር። ኢንተርኔት በማያስተማምንበት ቀበሌ ያለ ወጣት በገበያ ቀን ስልኩን ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤት ይገባል፤ ሚሞሪውን አስሞልቶ ይወጣል። ሠፈር ሲደርስ ጓደኛው ከእርሱ ይገለብጣል፤ ከጓደኛውም ሌላው። ካሴት ማስቀዳት መልኩን ለውጦ እስከዛሬ አለ ማለት ነው። ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ የተሻገረ ዘፈን ግን በቻናሉ ቁጥር ላይ አንዲት እንኳ አይጨምርም። በስማዳ ቆላ ከሁሉ ይልቅ የተደመጠው ማን እንደሆነ ጉግልም አይነግረን።

ይህም ቀላሉ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲፋፋም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። በእነዚያ ወራት ስለ ክልሉ ቀን ከሌት የሚናገሩ ቻናሎች ባሕር ማዶ ነበሩ። ተመልካችም ሞልቷቸው ነበር። የሚነገርለት ሰው ብቻ አይሰማም፤ «እንዲህ አይደለም» ብሎ ለማረምም መንገድ የለውም።

ከሩቅ የሚላክ፣ መልስ የማይቀበል ቃል ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ የበጌምድርን ጦር ይዘው በጋይንት አዋሳኝ፣ አንቺም ሜዳ ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተፋጠጡ። ከውጊያው አስቀድሞ አውሮፕላን መጣና በሠራዊቱ ላይ ወረቀት በተነ። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው የቤተ ክርስቲያን ግዝት ነበር፤ ራስ ጉግሣን የተከተለ የተወገዘ ይሁን የሚል። መጋቢት 22 ቀን ያው አውሮፕላን ቦምብ ይዞ ተመለሰ፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ። በወዲያኛው ሁለተኛ ቀን የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ አረፉ። ለዚህ ምድር ሕዝብ ከሰማይ የወረደለት የመጀመሪያው መልእክት «አትከተል» የሚል መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አዝማሪ የዚህ ተቃራኒ ነው። መሰንቆውን ይዞ በሠርግ ቤትም ሆነ በጠጅ ቤት ሲቆም አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ይለዋል፤ ሁለት ስንኝ ይወረውርለታል። አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። የግጥሙ ግማሽ የአድማጩ ነው፤ ካልጣመውም እዚያው ፊት ለፊት ይነግረዋል። ያንኑ አዝማሪ ቀርጸን ቻናል ላይ ስንጭነው ድምፁ አለ፣ እጁ አለ፣ እስክስታው አለ፤ «ተቀበል» ባዩ ግን ወደ ቁጥር ተለውጦ ከሥር ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሕንዱ ቻናል አንድ ጊዜ ልመለስ፤ ምክንያት አለኝ። ቲ-ሲሪዝ ካወጣቸው ሁሉ እጅግ ብዙ ጊዜ የታየው የፊልም ዘፈን አይደለም። «ሃኑማን ቻሊሳ» የተባለ የሂንዱ የምስጋና ጸሎት ነው፤ ከ3 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ድርሰቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የባለቅኔው የቱልሲዳስ ነው ይባላል። በዚያው ክፍለ ዘመን እኛ ዘንድ ምን ይሠራ ነበር ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። የግራኝ አሕመድ ጦርነት መጻሕፍቱንም ሊቃውንቱንም ከፈጀ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም ተቀምጠው ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ሠሩለት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት እያልን የምንጠራቸው፣ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉት ማለት ነው። ሁለቱ ሥራዎች ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው። አንዱ ዛሬ በቢሊዮን ይቆጠራል፤ ሌላውን ለመስማት ወደ ጋይንት መጓዝ ያስፈልጋል።

የሃይማኖት ንጽጽር ለመግጠም አይደለም ይህን ያነሣሁት። ልዩነቱ በአሠራሩ ነው። ቻሊሳ በሕዝቡ መናገሪያ ተጻፈ እንጂ በሊቃውንቱ ሳንስክሪት አይደለም። አርባ ስንኝ ነው፤ በዐሥር ደቂቃ ያልቃል፤ እናት ለልጇ ታስጠናዋለች። ለካሴት የተፈጠረ ይመስላል። ድጓ ግን በግእዝ ነው፤ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ ይዘልቃል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉ ሦስት ዜማዎች አሉት። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየታገለ በዓመታት ይማረዋል። ምልክቱም ቢሆን ያልሰማውን ሰው አያስተምርም፤ የሰማውን ያስታውሳል እንጂ። ስለዚህ መምህሩ የግድ ነው። ተማሪው ያዜማል፤ መምህሩ ያዳምጣል። ድፋቱን ከፍ ያደረገ እንደሆነ ያስቆመዋል፤ «መልሰህ በል» ይለዋል።

በየትኛውም ደብር ድጓን የተማረ ሰው ትምህርቱን አስመስክሮ መምህር ለመባል የሚሄደው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ነው። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ምስክሩ ዙር አምባ ነው፤ እርሱም በዚሁ በምሥራቁ ደቡብ ጎንደር ነው። በእስቴ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ የራሱ የዜማ ስልት ያለውና በስሙ የሚጠራ። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር ሲባል የዜማ ቤቶች ስም ነው። ያው አንድ ቃል በሦስቱ ቤት በሦስት መልክ ይዜማል፤ ማንም ግን አንዱን ስሕተት አይለውም። የአገሪቱ የዜማ ማኅተም በአንድ የገጠር ደብር ደጅ መቀመጡን ስናስብ «ብዙ ተከታይ» የሚለውን ቃል በሌላ ዓይን ማየት እንጀምራለን። የቤተልሔም ተከታይ በእግሩ መጥቶ፣ ዓመታት ተቀምጦ፣ ታርሞ የተመለሰ ሰው ነው። ተመልሶም በሸዋ፣ በወሎ፣ በትግራይ፣ በጎጃም ደብሮች ያንኑ ዜማ አዘራ። ዛሬ በአብዛኛው አድባራት የምንሰማው የቤተልሔም ዜማ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ያለ ካሴት፣ ያለ ሚሞሪ።

እንግዲህ ድጓ ዩቲዩብ ላይ አይውጣ ልል ነውን? አልልም፤ ደግሞም ወጥቷል። የማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ቻናሎች አሉ፤ በግላቸው ቀርጸው የሚጭኑ መምህራንና ተማሪዎችም አሉ። ባሕር ማዶ ያለ ዲያቆን ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ሲያጠና ደስ ይለኛል። እንዲያውም ቀረጻ ጌራና ራጉኤል ያላገኙትን ይሰጣል፤ ምልክት የማይዘውን የድምፅ ንዝረት ይዞ ያስቀምጣል። የቆማና የአጫብር ዜማ ከቤተልሔም ዜማ ይልቅ መምህር የሚያጥራቸው ናቸውና ቀረጻ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የቻናሉ ጠባይ ነው። ቻናል ብዙ የታየውን መልሶ ያሳያል፤ ያልታየውን ይቀብራል። ጉልሻን ኩማር የተናቀውን የአውራጃ ዘፈን ፈልጎ ሰበሰበ። የዛሬው ማሽን ግን ፈልጎ አይሄድም፤ ተመልካቹ ወዳለበት ብቻ ይነዳል። አንድ ተማሪ ስልኩን ከፍቶ «ድጓ» ብሎ ቢፈልግ የሚመጣለት ቀድሞ ብዙ የታየው ነው፤ በእስቴ ተራራ ላይ ሁለት ተማሪ ይዞ የተቀመጠው የቆማ መምህር ዜማ አይደለም። ሲሳሳትም ስልኩ አያስቆመውም።

በትርፍ ጊዜዬ እነዚህን ቀረጻዎች እየፈለግሁ አዳምጣለሁ። አብዛኛዎቹ ከሥራቸው የሚጽፉት «ሰብስክራይብ ያድርጉ፣ ላይክና ሼር አይርሱ» የሚል ነው። የባለድምፁ ስም የሚገኝበት ጥቂት ነው። የዜማው ቤት የሚገለጽበት ከዚያም ያነሰ ነው። ባለዜማው ድጓውን ከማን ተቀበለ፣ መምህሩስ ከማን ተማሩ፣ የት አስመሰከሩ የሚለውን ጽፎ ያስቀመጠ እስካሁን አንድም አልገጠመኝም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስልክ ይዛችሁ የምትሄዱ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ መምህራኑ ከፈቀዱላችሁ ቅረጹ፤ ሦስት መስመር ጨምራችሁም ያንን ጻፉበት።