ላኪና ተማሪ

ዓረብ ሀገር ያለን ሴቶች ስንገናኝ ከደሞዝና ከማዳም ወሬ ቀጥሎ የምናነሳው የታናናሾቻችንን ትምህርት ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ደርሷል። ሒሳብና ፊዚክስ ይወዳል፤ ደብተሩ ደሞ በሥዕል የተሞላ ነው። ቤተሰቡ «ኢንጂነሪንግ ይግባ፣ ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ይላል። ገንዘቡን የምልከው እኔ ስለሆንኩ የመጨረሻውን ቃል ከኔ ይጠብቃሉ። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ የሀገራችንን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ይጠቅማል።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1932 አንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን አለፈ። ከጦርነቱ በኋላ ሀገሪቱ የተማረ ሰው፣ በተለይም መሐንዲስ በጣም ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ መንግሥት በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ላካቸው። ያኔ ገና የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። አስቡት፣ ላኪው መንግሥት ነው፤ ገንዘቡም የደሃ ሀገር ገንዘብ ነው።

እዚያ ሲማሩ ግን የሥዕል ተሰጥኦአቸው ጎልቶ ወጣ። መጀመሪያ ለንደን በሚገኘው በሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በስሌድ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ሥነ ሕንፃ ተማሩ። በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ።

ታዲያ የሀገር ገንዘብ ባከነ? ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ያለውን አፍሪካ አዳራሽ አስታውሱ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው እዚያ ነው። በውስጡ ያለው ባለ ቀለም የመስታወት መስኮት የሳቸው ሥራ ነው፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። እንዲህ ያለ ሥራ እኮ ቀለም ብቻ አይደለም። መስታወቱ መለካት፣ መቆረጥ፣ መገጣጠም አለበት፤ ክብደቱን የሚሸከምለትም ይፈልጋል። የራሳቸውን ቤት፣ ቪላ አልፋንም ንድፉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ለምህንድስና የተላከው ልጅ በ1964 በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተሰየመውን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ።

በነዚያው ዓመታት ሀገር ውስጥም በር ተከፍቶ ነበር። በ1954 ከስዊድን ጋር በመተባበር ሕንፃ ኮሌጅ ተቋቋመ። ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም ደሞ በዚያው አስር ዓመት ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ። ዛሬ ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ስለዚህ ሒሳብና ሥዕል የሚወድ ልጅ የግድ አንዱን መጣል የለበትም። አርክቴክቸር ሁለቱንም ይፈልጋል፤ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል።

ልጁ ሲመርጥ የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ አይይ። አርክቴክቸር አለው ወይ? ተማሪው በእጁ የሚሥልበትና ሞዴል የሚሠራበት ክፍል አለ ወይ? ክፍሉ ሲሞላ ወደ ሌላ ትምህርት ይመድቡታል ወይ? ለወረቀት፣ ለቀለምና ለሞዴል ስንት ይፈጃል? የመጨረሻውን ጥያቄ ለኛ ይተውልን፤ እኛን ይመለከታል።

እህቶቼ፣ ድሮ ላኪው መንግሥት ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቤት ላኪዎቹ እኛ ነን። እኛም ያቋረጥነውን ትምህርት በነሱ ልንጨርስ እንመኛለን፤ እሱ ነውር የለውም። ግን ብር የላከ ሰው የልጁን ፍላጎት አልገዛም። እኔ ለወንድሜ «ምርጫህን በራስህ እጅ ጽፈህ ላክልኝ፣ ከየአንዳንዱ ጎን ምክንያቱን አስቀምጥ» ብዬዋለሁ። የጻፈውን አነባለሁ፣ እጠይቀዋለሁ፤ ፎርሙን የሚሞላው ግን እሱ ነው።